ቅዱስ ኒቆላዎስ ዘሙራ እና የገና አባት መልክ

ባለፈው ዓመት የልደት በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በከተማችን በንፋስ መውጫ በአንድ ሱቅ በር ላይ የአንድ ሽማግሌ ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። ሽማግሌው ቀይ ካፖርት ለብሶ፣ ነጭ ጢሙን እስከ ደረቱ አውርዶ፣ ቦርጩን በሰፊ ቀበቶ አስሮ ይሥቃል። በጫንቃው ላይ ትልቅ ከረጢት ተሸክሟል። አብራኝ የነበረችው አያቴ ማን እንደሚባል ጠየቀችኝና የገና አባት መባሉን ነገርኳት። እርሷም አባት የሚለውን ስም ስትሰማ የየትኛው ደብር ካህን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። እኔ የፈረንጅ ተረት መሆኑን ነግሬያት፣ ባለማወቋም በልቤ ሥቄ አለፍኩ። በኋላ ግን ነገሩን በመጽሐፍ ስከታተለው ያልዐወቅሁት እኔ እንደ ሆንኩ ተረዳሁ። ሽማግሌው በእውነት ካህን ነበረ፤ ያውም ኤጲስ ቆጶስ። ስሙም በስንክሳራችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ አቅርቡ በተባልን ጊዜ፣ ያቺ የአያቴ ጥያቄ ተገቢ መልስ ሳታገኝ መቅረቷ ትዝ አለኝና የዚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ። ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ኒቆላዎስ የተወለደው በሦስተኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ፣ ዛሬ የቱርክ ደቡብ ጠረፍ በሆነውና በዚያን ጊዜ ሉቅያ ይባል በነበረው አገር፣ ጳጥራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በኋላ የተሾመባት ሙራም ከዚያው አገር ናት። ሁለቱንም ከተሞች የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ያውቃቸዋል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ ሲጓዝ ያለፈባቸው ወደቦች ናቸውና። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ። ልጃቸው ገና ወጣት ሳለ ሁለቱም ሞቱበትና ብዙ ሀብት በእጁ ቀረ። እንግዲህ የስጦታው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ወጣት ቢሆን ኖሮ በዚያ ገንዘብ ምን ያደርግበት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በዚያች ከተማ ቀድሞ ባለጸጋ የነበረና በኋላ ግን የዕለት እንጀራ ያጣ አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው ሦስት ለጋብቻ የደረሱ ሴቶች ልጆች ነበሩት። በእኛ አገር ጥሎሽ የሚመጣው ከወንዱ ወገን ነው፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ግን ገንዘቡን ማቅረብ የሚገባቸው የሴቲቱ ወላጆች ነበሩ፤ ገንዘብ የሌለው አባት ልጁን የሚያገባለት አያገኝም ነበር። ድኻው አባት ሌላ መላ ቢያጣ ልጆቹን ገላቸውን ሸጠው እንዲኖሩ ወደ ዝሙት ቤት ሊያስገባቸው ቈረጠ። ይህ ወሬ በወጣቱ ኒቆላዎስ ጆሮ ገባ።

ኒቆላዎስ ሰውዬውን ጠርቶ ገንዘብ ሊሰጠው ይችል ነበር። ነገር ግን ትናንት ባለጸጋ የነበረ ሰው በአደባባይ ምጽዋት ሲቀበል የሚሰማውን ኀፍረት ዐሰበ። ስለዚህ በሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ወርቅ በከረጢት ቋጥሮ ወደ ቤቱ ሄደና በመስኮት ወርውሮ ተመለሰ። አባትየው ሲነጋ ወርቁን አገኘና በእርሱ ታላቂቱን ልጁን ዳረ። ኒቆላዎስ ወርቁ ለታሰበለት ነገር መዋሉን ካየ በኋላ በሌላ ሌሊት ሁለተኛ ከረጢት ጣለ፤ መካከለኛይቱም ተዳረች። በሦስተኛው ጊዜ ግን አባትየው እንቅልፉን ትቶ ይጠባበቅ ጀመር። ወርቁ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማና በጨለማው ውስጥ ሮጦ ያዘው፤ ማንነቱንም ዐውቆ ከእግሩ ላይ ወደቀ። ኒቆላዎስ ግን አስነሣውና በሕይወት እስካለ ድረስ ይህን ነገር ለማንም እንዳይናገር ቃል አስገባው።

ምሥጢሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ሳሉ ነገሩ ለዓለም ሁሉ እንዴት እንደ ተሰማ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ሳይጠይቅ አይቀርም። ወይ አባትየው ቃሉን እስከ ኒቆላዎስ ዕረፍት ድረስ ጠብቆ ኋላ ተናግሯል፤ ወይም የሦስቱ እኅትማማቾች አፍ ከአባታቸው አፍ የፈጠነ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ልብ ልንለው የሚገባን ሰጪው ፊቱን ለመሸፈን ሌሊቱን መምረጡን ነው። ዛሬ ግን በዓለም ላይ የእርሱን ያህል ሥዕሉ የተባዛ ሰጪ የለም።

የሦስቱ ሴቶች ልጆች ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ተረት አይደለም። በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ፣ ቤቱ የተቸገረ ሰው ሴት ልጁን ሳትደርስ ሲድር አይተናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ብሎ ወስኗል፤ ድርቅ በመታው ዓመት ግን የአባት ጭንቀት ሕጉን ሲቀድም ይገኛል። ከእኔ ጋር አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጃገረዶች መካከል ዛሬ ከዚህ ክፍል የሌሉ አሉ። በመስኮታቸው የገባ ከረጢት አልነበረም።

ኒቆላዎስ ኤጲስ ቆጶስ የሆነበት ሁኔታም ለብቻው ይተረካል። የሙራ ጳጳስ ዐርፎ የአካባቢው ጳጳሳት የሚሾም ሰው ሲፈልጉ፣ በነጋታው ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የሚገባውን ሰው ለመሾም ተስማሙ ይባላል። በዚያን ዕለት ማለዳ ሊጸልይ የገባው ከመንገድ የመጣው ኒቆላዎስ ሆነ። ብዙም ሳይቈይ ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ303 በክርስቲያኖች ላይ ታላቅ ስደት አስነሣና ኒቆላዎስም ታስሮ ብዙ መከራ ተቀበለ፤ የተፈታውም ቈስጠንጢኖስ ከነገሠ በኋላ ነው። በ325 በኒቅያ ከተሰበሰቡት ከ318ቱ ሊቃውንት አንዱ እንደ ነበረ ትውፊት ይናገራል፤ ምንም እንኳ የጉባኤው የስም ዝርዝሮች ሁሉ ባይስማሙ። በጉባኤው ላይ አርዮስን በጥፊ መታው የሚለው ወሬ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተነሣ ነው። ቢሆንም ይህን ወሬ የሰማ ሰው የሱቁን ሣቂታ ሽማግሌ ሲያይ በጥፊ ሲማታ ማሰብ ይቸግረዋል።

ከሁሉ ቀድመው ከተጻፉት የኒቆላዎስ ታሪኮች አንዱ ስለ ስጦታ ሳይሆን ስለ ፍርድ የሚናገር መሆኑ እኔን አስደንቆኛል። አንድ ሹም ጉቦ በልቶ ሦስት ንጹሐን ሰዎች በሰይፍ እንዲቀሉ ፈረደባቸው። ጳጳሱ ይህን እንደ ሰማ ወደ መግደያው ስፍራ ሮጦ ደረሰና ገዳዩ ያነሣውን ሰይፍ ከእጁ ነጠቀው፤ ከዚያም ሹሙን ፊት ለፊት ገሠጸው። ጉቦ በሚበላ ሹም ፊት መቆም ወርቅ ከመወርወር ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ሰይፍ የሚነጥቅ የገና አባት በየትኛውም ሱቅ በር ላይ ተሥሎ አላየሁም።

ሌላው የእህሉ ታሪክ ነው። በሙራ ጽኑ ረሀብ በሆነ ጊዜ ከእስክንድርያ ስንዴ ጭነው ወደ ቈስጠንጥንያ የሚሄዱ መርከቦች በወደቡ ቆመው ነበር። ጳጳሱ ከየመርከቡ ጥቂት ጥቂት እንዲያራግፉለት መርከበኞቹን ለመነ። እነርሱ ግን እህሉ የመንግሥት ስለ ሆነና ተሰፍሮ ስለ ተጫነ፣ ቢጐድል እንደሚጠየቁበት እየተናገሩ ፈሩ። እርሱም ጕድለት እንደማያገኛቸው አረጋግጦላቸው አራገፉ፤ ሕዝቡም በላ፤ ለዘርም ተረፈው። መርከቦቹ ቈስጠንጥንያ ደርሰው እህሉ ሲሰፈር አንዳች ሳይጐድል ተገኘ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ስንዴ በልተው የተረፉ አያቶች ያሉን እኛ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ እንረዳዋለን። የእርዳታ ስንዴ ሲጫንና ሲራገፍ ቆሞ የታዘበ ሰውም ተአምሩ የቱ ላይ እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ኒቆላዎስ በ343 ገደማ ታኅሣሥ 10 ቀን ዐረፈ፤ በሙራም ተቀበረ። የእኛ ስንክሳር በዚህ ቀን ያስበዋል። ፈረንጆች ዲሴምበር 6 ይላሉ፤ በአሮጌው የሮማውያን አቆጣጠር ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው። ስለዚህ የእርሱ በዓል ከልደት በዓል 19 ቀን ቀድሞ የሚውል፣ ራሱን የቻለ በዓል ነው እንጂ ከገና ጋር አንዳች ዝምድና አልነበረውም።

እንግዲህ መልኩ ወደ መለወጡ ልለፍ። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በተሣሉት ጥንታውያን ሥዕሎች ኒቆላዎስ ግንባሩ ሰፊ፣ ራሱ በራ፣ ጢሙ አጭርና ክብ፣ ፊቱ በጾም የከሳ ሽማግሌ ነው፤ የጳጳስ ልብስ ለብሶ ወንጌል ይይዛል። የሚሥቅበትን ሥዕል አላየሁም። በ1087 ከኢጣልያ ከባሪ ከተማ የመጡ መርከበኞች መቃብሩን ከፍተው አጥንቱን ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ እነርሱ ማዳን አሉት፤ የሙራ ሰዎች ግን ስርቆት ቢሉት አይፈረድባቸውም። በባሪ የተሠራለት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። በ1950ዎቹ መቃብሩ ሲጠገን አንድ የሕክምና ሊቅ አጥንቶቹን ለካ፤ በኋላም የእንግሊዝ አገር ባለሙያዎች በዚያ ልክ ተመርተው ፊቱን በኮምፒዩተር አስመስለው ሠሩት። አፍንጫው አንድ ጊዜ ተሰብሮ ጠሞ የዳነ ሆኖ ተገኘ። በወኅኒ የተመታው ይሁን በሌላ፣ ከዚያ በኋላ የተሣሉት ሥዕሎች ሁሉ ያላወቁት እውነተኛ ምልክት ይህ ብቻ ነው።

አጥንቱ ወደ ምዕራብ ከሄደ በኋላ ዝናው በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። የመርከበኞችና የልጆች ጠባቂ ተባለ። በበዓሉ ዋዜማ ለልጆች በድብቅ ስጦታ ማኖር ልማድ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት የፕሮቴስታንት ትምህርት ሲስፋፋ የቅዱሳን በዓል በብዙ አገር ቀረ፤ የሆላንድ ሰዎች ግን ሲንተርክላስ ብለው የሚጠሩትን ኒቆላዎስን አልለቀቁትም። በእነርሱ ዘንድ ቀይ ካባና የጳጳስ ቆብ አድርጎ በነጭ ፈረስ ይመጣል፤ ልጆችም ጫማቸውን አውጥተው ለፈረሱ ካሮትና ድርቆሽ ያኖሩለታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ፊቱን ጥቁር የተቀባ አሽከር ጨመሩለት። ይህ ነገር ጥቁር ሕዝብን የሚያዋርድ ስለ ሆነ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዙ ስፍራ አሽከሩ ፊቱን ጥላሸት ብቻ የነካው ሆኖ እንዲታይ አድርገዋል። ለድኻ ክብር በሌሊት የሄደ ሰው በኋላ ዘመን ሰውን በመልኩ በሚያዋርድ ጨዋታ መካከል መቆሙ የሚያሳዝን ነው።

የሆላንድ ሰዎች በአሜሪካ ያቀኑት ከተማ በኋላ ኒው ዮርክ ተባለ። በዚያ ከተማ ዋሽንግተን ኧርቪንግ የተባለ ደራሲ በ1809 ስለ ከተማው ያወጣውን ቀልደኛ ታሪክ በ1812 ሲያሻሽል ኒቆላዎስን ፒፓ እያጨሰ በዛፎች ጫፍ ላይ በሠረገላ የሚበር አደረገው። በ1810 የከተማው የታሪክ ማኅበር በበዓሉ ቀን ያሳተመው ሥዕል ገና ጳጳስ ነበረ። ከ13 ዓመት በኋላ ግን ጳጳሱ ጠፋ። በ1823 ትሮይ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ላይ ያለ ጸሐፊ ስም የወጣ፣ ኋላም ክሌመንት ሙር የራሱ መሆኑን ያሳወቀው ግጥም፣ በስምንት ቀንዳም አውሬዎች በሚሳብ ጋሪ የሚመጣ፣ በጭስ ማውጫ የሚወርድ፣ ወፍራም ድንክ አደረገው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሚመጣው በዲሴምበር 6 ሳይሆን በልደት ዋዜማ ሆነ። መስኮቱ ጭስ ማውጫ፣ ወርቁም መጫወቻ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ቶማስ ናስት የተባለ ከጀርመን አገር የፈለሰ ሠዓሊ ነው። ናስት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በጥር ወር 1863 በታተመ መጽሔት ላይ ሽማግሌውን የሰሜኑን ሰንደቅ ዓላማ ከዋክብትና መስመር አልብሶ ለወታደሮች ስጦታ ሲያድል ሣለው። ወታደር እንኳ አደረጉት ማለት ነው። በ1881 የሣለው ሥዕል ደግሞ ቦርጫሙን፣ ቀይ ለባሹን፣ መጫወቻ ያቀፈውን ሰው ይዞልን መጣ። በ1931 ሃደን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ ሲሥለው መልኩ ረጋ። ብዙ ሰው ቀዩን ልብስ የሰጠው ኮካ ኮላ ነው ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ቀዩ ከዚያ በፊት ነበረ። ኮካ ኮላ ያደረገው በዓለም ሁሉ ማዳረሱን ነው።

እስቲ አሁን ወደ ገዛ አገሩ እንመለስ። ሙራ ዛሬ ደምሬ ትባላለች። በ2000 ሩስያውያን የኒቆላዎስን የነሐስ ሐውልት ለከተማይቱ ሰጥተው በአደባባይ ቆሞ ነበር። በ2005 ግን የከተማው ሹም ሐውልቱን አስነሥቶ በምትኩ ቀይ ልብስ የለበሰ የፕላስቲክ የገና አባት አቆመ፤ ጐብኚዎች የሚያውቁት እርሱን ነውና። በኋላ ሩስያውያን ስላዘኑ የነሐሱ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስፍራ ተሰጠው። ሰውየው በራሱ ከተማ በራሱ ሥዕል ተፈናቀለ።

ወደ እኛ የመጣው ስሙን እንኳ ትቶ ነው። በእንግሊዝኛ ሳንታ ክሎስ ሲባል ቢያንስ የኒቆላዎስ ስም ቅሬታ አለበት። እኛ ግን የገና አባት የሚለውን ስም እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከሚጠሩበት ከሌላው ስም ስለ ተረጐምን፣ ከስንክሳሩ ጋር የሚያያይዘው ክር ተበጠሰ። አያቴ በየዓመቱ ስሙ ሲነበብ የምትሰማውን ቅዱስ በሥዕሉ ላይ ብታየው አለማወቋ ምን ይገርማል?

ትርጕሙም ቢሆን አስቸጋሪ ነው። ጋሪውን የሚስቡትን የሰሜን አውሬዎች አጋዘን ብለን ተርጕመናቸዋል፤ አጋዘን ግን የቆላችን አውሬ ነው፤ በረዶ አይቶ አያውቅም። በረዶ የሚለው ቃላችንም ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንና እንደ ባዘቶ የሚረግፈውን አይለይም። በጉና ሥር ላደገ የገበሬ ልጅ በረዶ ማለት የደረሰ ገብስ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያወድም መቅሠፍት ነው። ይህ ልጅ ሽማግሌው በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ስጦታ ያመጣል ሲባል ቢሰማ ግራ ይጋባል። ጭስ ማውጫም የለንም፤ የእኛ ቤት ጭስ በሣሩ ክዳን መካከል መንገዱን ራሱ ያገኛል።

ደግሞም የእኛ ገና ስጦታ የሚያድል ሽማግሌ አልነበረውም። ለልጅ ሙልሙል የሚሰጠው በቡሄ ነው፤ አበባ ይዛ ለምትመጣ ልጅ ገንዘብ የሚሰጠው በዕንቍጣጣሽ ነው። በገና የሚታወቀው የሜዳው ጨዋታ ነው፤ በዚያን ቀን እረኛና ባለርስት እኩል ሆነው በዱላ ሩር ይመታሉ።

ነገር ግን በእኛ መንገድ ላይ አንድ ነገር አለ። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸና የሚወስደው መንገድ ገና ሲቃረብ የላሊበላ ተሳላሚዎች መንገድ ይሆናል። አብዛኞቹ በመኪና ያልፋሉ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው በእግር የሚያልፉም አሉ። የከተማችን ነፋስ በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብዳል፤ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። በአንድ ሌሊት ከቤታችን አጥር ሥር ያደሩ ተሳላሚዎች ነበሩ። ሲነጋ ከአጠገባቸው በአገልግል እንጀራና በማሰሮ ጠላ ተቀምጦ አገኙ። ያስቀመጠውን ሰው ጠየቁ፤ ከእኛም ቤት ነው ያለ የለም፤ ከጎረቤትም የለም። አገልግሉን ግን እኔ ዐውቀዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ በቀይ ስፌት የታሰረ ስንጥቅ አለው፤ ሁልጊዜም የሚሰቀለው ከአያቴ መደብ በላይ ነው።

በዘንድሮው ታኅሣሥ 10 ማለዳ ከአያቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስንክሳሩ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ። የኒቆላዎስ ስም ሲነሣ ያ የሱቁ ሽማግሌ እርሱ መሆኑን በጆሮዋ ነገርኳት። ዘወር ብላ አየችኝና ዝም እንድል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ስንመለስ ሱቁ ገና አልተከፈተም ነበር፤ ሥዕሉም አልተሰቀለም።